የአማቴ ማሳ

መኪና ያለው ሰው ስታዩ አትቅኑ። ይልቅ ጠዋት ጠዋት ሲያስገፋ ቆማችሁ እዩት። ከዚያ በኋላም የምትቀኑ ከሆነ ችግሩ የእናንተ ነው።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚወጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ የት እንደሚገባ ግን አውቃለሁ። በኮቴ ክፍተት ይገባና አጥንቴ ላይ ያድራል። የመኪናዬ ባትሪ በየማለዳው ሞቶ ሲገኝ መጀመሪያ የከሰስኩት ይህንን ነፋስ ነበር። ነፋስ ለክስ ይመቻል፤ ጠበቃ አያቆምም፣ ይግባኝ አይልም። ባትሪዬ ግን ሞቃት በሆነ ቀንም መሞቱን አልተወም።

መኪናዋ የወንድሜ ነበረች። አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ "እስክመለስ ያዝልኝ" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ሲሰናበታት ዓይኑ እንባ ያቀረረ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሳቁን አፍኖ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ቢኖር "ሞተር" የነገር ስም መሆኑን ነው።

ባትሪዋ የሞተ መኪና በግፊ ትነሣለች። ለግፊ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። በሬን ከፍቼ ብቅ ስል የሰፈሩ ሰው መበተን ጀመረ። ድሮ "እንዴት አደርህ መምህር" የሚለኝ ጎረቤቴ ከሩቅ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ አንድ ቀን ስልኩ እዚያው ጆሮው ላይ ሳለ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። ያልሸሹኝ የባጃጅ ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው። እነሱም የሚገፉኝ ለጽድቅ አልነበረም፤ መኪናዋ ልትነሣ ስትል እየተንቀጠቀጠች መልሳ ስትጠፋ የእኔን ፊት ለማየት ነበር። ግፊና ግፍ አንድ ቤት ያደጉ ቃላት መሆናቸው ያኔ ነው የገባኝ።

ምክርማ ሞልቷል። በአገራችን የታመመ ሰው ሐኪም ያጣ ይሆናል እንጂ የተበላሸ መኪና መካሪ አያጣም። አንዱ "ውሃ አጉድሏል፣ ጨምርለት" አለኝ። ሌላው "ባትሪው ላይ የሚነክሰው የሽቦ ጫፍ ዝጓል፣ በፍል ውሃ እጠበው" አለኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከበቅሎ በቀር ያልጋለቡ አንድ አባት ሳይቀሩ "አፍንጫዋን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረህ አሳድራት" ብለው መከሩኝ። አዞርኳት። እዚያው እንደዞረች ሞተች።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም የሚያልቀውም እሳቸው ጋ ነው።

አማቴ አያ ዘለቀ የስማዳ ገበሬ ናቸው፤ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለች ቀበሌ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። መኪናዋን መጀመሪያ ያዩ ቀን እንደሚገዟት በቅሎ ዞረው አዩአት፤ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና "ጠባቂስ አላት?" አሉኝ። ኢንሹራንስ የጠየቁኝ መስሎኝ "አላት" አልኳቸው። "የታለ?" ሲሉኝ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኋቸው። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ለሁለታችንም ያዘኑ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ከወገዳ ገበያ የገዙትን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ይዘው መጡ። ሥዕሉ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ያለ ነው፤ ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴና ቢጫ የሚበሩ ትናንሽ አምፖሎች ከበውታል። የከተማችን የመኪና ኤሌክትሪሻን ስጦታው ተጠራና ከመሪው በላይ አስቀመጠው። ሽቦውን ከቁልፉ ጋር ሊያስር ሲል አማቴ እጁን ያዙት።

"ቁልፉ ሲነቀል ይጠፋል?"

"አዎ አባቴ፣ ይጠፋል።"

"ባለቤቱ ሲተኛ አብሮ የሚተኛ ጠባቂ የት አይተሃል? ሌባስ የሚመጣ መቸ ነው?"

ስጦታው ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰረው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ "እውነትዎን ነው" አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚካኤል ሌት ተቀን ይበራል፤ ባትሪውም በየማለዳው ይሞታል።

እየሳቃችሁብኝ መሆኑን አውቃለሁ። እናንተ ሌባውን ይዛችሁታል። እኔ ግን ማለዳ ማለዳ የሥዕሉ ብርሃን ደብዝዞ ሳገኘው "ሲጠብቀን አድሮ ደክሞት ነው" እል ነበር። በዚህ ላይ ሚካኤልን በሌብነት የሚጠረጥር ማን ነው? አንድ ብልህ ሰው ማታ ማታ የባትሪውን ራስ ፈትቼ እንዳሳድር መክሮኝ ፈትቼው ነበር። ሚስቴ የሻረግ በመስኮት አይታ "ሚካኤልን ለምን አጠፋኸው? አባቴ ቢሰማ ምን ይላል?" አለችኝ። መልሼ አሰርኩት። ከአማትና ከባትሪ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው ባትሪ አይመርጥም።

ስጦታውም ቢሆን ከእኔ አልተሻለም። ራሱ ያሰረውን ሽቦ ረስቶ ሌባ ፍለጋ ገባ። "ዲናሞው ነው" አለ፤ ዲናሞው ወርዶ ተመለሰ። "ሞተሪኖው ነው" አለ፤ ሞተሪኖው ወርዶ ተመለሰ። "ክላክሱ ነው" ብሎ ክላክሱን ነቀለ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። አህያ መንገድ ሲዘጋብኝ ራሴን በመስኮት አውጥቼ "ኧረ እባክሽ" እላለሁ።

ከስጦታው ያተረፍኩት አንድ ነገር ቃል ነው። እነዚህ ኤሌክትሪሻኖች ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚመለሰውን ጥቁር ሽቦ "ማሳ" ይሉታል። "ማሳው አልያዘም"፣ "ማሳው ላልቷል"፣ "ማሳውን ቁረጠው" ይባባላሉ። ቃሉ ከጣሊያን የቀረ ነው አሉ። ጣሊያን መንገድም ቃልም ትቶልን ነው የሄደው፤ መንገዱ ፈረሰ፣ ቃሉ ቀረ። እኔ ደግሞ አዲስ ቃል ሳገኝ እንደ ልጅ ነው የሚያደርገኝ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ማሳ፤ አንደኛ፣ የእርሻ መሬት፤ ሁለተኛ፣ የመኪና ሽቦ፤ ድምፁ አንድ፣ ፍቺው ሁለት። "ፈተና ላይ ይመጣል" ብዬ ተማሪዎቼን አስጠነቀቅኳቸው። የመጣው በእኔ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ የእሁዱ ሽምግልና ባይኖር።

አማቴ ከጎረቤታቸው ከአያ ፈንታ ጋር የድንበር ክርክር ነበራቸው። የተጣሉት በሁለቱ እርሻ መካከል ባለች ጥቁር አፈር ጫፍ ነው። ግማሽ ጥማድ የማትሞላ መሬት ናት፤ ግን ዝናብ ባነሰበት ዓመት እንኳ ባቄላ የማትከለክል መሬት ናት። አማቴ "ካባቴ የወረስኋት ናት" ይላሉ፤ አያ ፈንታ "ድንጋዩ ተገፍቶ ነው" ይላሉ። ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ ከተለዋወጡ ቆይተዋል ማለት አይቻልም፤ ከነጭራሹ ትተውታል። በመጨረሻ የአገር ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ሊጨርሱት ቀን ቆረጡ። አማቴም የሚናገርላቸው ሰው ሲፈልጉ እኔን መረጡ።

"አንተ ቃል ታውቃለህ" አሉኝ። "እኔ ስቆጣ አፌ ይያዛል። ፈንታ ደግሞ ምላሱ ይቀናዋል። አንተ ኸጎኔ ቁም እንጅ ሌላ አልልህም።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም። የምናገረውን በቃሌ አጠናሁት። መኪናዋን ደግሞ "ለእሁድ ካላደረስክልኝ አልይህ" ብዬ ለስጦታው አስረከብኳት።

አማቴ አብረን እንድንሄድ ዓርብ ዕለት ንፋስ መውጫ መጡ። ከሰዓት በኋላ እሳቸው በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ እኔ ጓዳ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የስልኬ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ላውድ ካልተደረገ ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ ላውድ አደረግኩት። ስጦታው ደግሞ ድሮም የሚያወራው ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ነው።

"ቲቸር፣ ሌባውን ያዝኩት።"

"ማን ሆኖ ተገኘ?"

"የአማትህ ማሳ ነዋ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲበላህ የከረመው እሱ ነው።"

የሥዕሉን ጥቁር ሽቦ ማለቱ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ሲገባኝም አፈርኩ። አማቴ በፍቅር የሰጡኝ ሥዕል ነው፤ ይቆረጥ ብላቸው ያዝናሉ። እሳቸውንም መኪናዋንም ሳላስቀይም ልጨርስ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ጮክ ብዬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የሰው ጆሮ ጩኸት ያሳልፋል፤ ሹክሹክታ ግን አያመልጠውም።

"ምን ይሻላል?" አልኩ።

"አንተ ፍቀድ እንጂ አሁኑኑ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ሽማግሌው እንዳይቆጡ ብዬ ነው።"

"እሳቸው አይሰሙም። የአማቴን ማሳ ቁረጠው። እሁድ ሳይደርስ ይለቅ። ቢጠይቁኝም አላውቅም እላለሁ።"

"ጫፉንስ? ጥሩ ጫፍ እኮ ነው።"

"ለፈለግኸው ስጠው።"

ስልኩን ዘግቼ በደስታ ወደ በረንዳው ወጣሁ። አማቴ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። "ደኅና ነዎት?" አልኳቸው። "ደኅና ነኝ። ሰው ደኅና ነው" አሉ። ማታ ሽሮ ቀርቦላቸው አልቀመሱትም። የሻረግ ምን እንደሆኑ ስትጠይቃቸው "ሆዴን ቆረጠኝ" አሏት። እኔ ቃል አዋቂው አጠገባቸው ተቀምጬ ሽሮዬን እበላ ነበር። የቆረጣቸውን ነገር ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ስንነሣ አማቴ የሉም። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ያደሩበትን ብርድ ልብስ አጥፈው፣ በማለዳው መኪና ሄደዋል። ስልካቸው ተዘግቷል። የሻረግ ግራ ገባት። እኔ ግን ብልህ ነኝና "ቀድመው ምስክር ሊያነጋግሩ ነው፤ የገበሬ ብልሃት ነው" ብዬ አጽናናኋት።

ስጦታው ቅዳሜ መኪናዋን መልሶልኝ ነበር፤ እሁድ ማለዳ ቁልፉን ሳዞረው በአንድ ጊዜ ተነሣች። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሊገፉ መጥተው ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀዘን አይረሳኝም። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሚካኤል አምፖሉ ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። የሻረግ ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። የሷ ዝምታ ከባትሪ ይበልጥ ኃይል አለው፤ ወገዳ እስክንደርስ አላለቀም። መንገዱ ለነገሩ ቢያወሩም አያስወራም፤ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየወረድን አቧራ እየዋጥን ቁልቁል ወደ ስማዳ ሄድን።

ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። መካከላቸው በቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ የተማሩት መሪጌታ አሉ፤ የሽምግልናው አባት እሳቸው ናቸው። አማቴ በአንድ በኩል፣ አያ ፈንታ በሌላ በኩል። አያ ፈንታ ፊታቸው በርቷል። መኪናዬን አቁሜ፣ ያጠናሁትን ንግግር በአፌ ይዤ፣ እጅ ነሣሁ።

"ዘግይተሃል" አሉኝ መሪጌታ። "ነገሩ አልቋል። ዘለቀ ለቋል።"

"ምኑን ለቀቁት?"

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። "የቆረጥኸውን ልታይ መጣህ?" አሉኝ። "ዕድሜ ልኬን ኸፈንታ ስጠብቃት ኖርሁ። አንተ በጓዳ በኩል መጣህ። ኸስጦታው ጋር ስትዋዋል በጆሮየ ሰማሁህ። ጫፏን ለፈለግኸው ስጥ ስትለው ሰማሁህ። ልጄን የሰጠሁት ሰው ኸቆረጣት ኸማን ጋር ልሟገት?"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሲገባኝ ማድረግ የነበረብኝ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበር። እኔ ግን ሳቅ አመለጠኝ። ምን ላድርግ፣ አስተማሪ ነኝ፤ ምሳሌው በጣም ጥሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሬት ቆርጦ የሚስቅ አማች ከዚያ በፊት አላዩም።

"ማሳ ማለት እኮ ሽቦ ነው" አልኩ።

እነዚያ ሰዎች ማሳ አርሰው፣ ማሳ አርመው፣ በማሳ ተጣልተው ነው ያረጁት። ሽቦ ነው የሚላቸው ሰው ሲመጣ የሚያዝኑለት ለአእምሮው ነው።

"ላሳያችሁ፤ ኮፈኑን ልክፈት" ብዬ ወደ መኪናዋ ሮጥኩ።

"የማንን ከፈን ነው የሚከፍት?" አሉ ጆሮአቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ፤ አማተቡም።

የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ጥቁሩን ሽቦ አሳየኋቸው። መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ሽቦ አዩ። ሽቦ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ማሳ መሆኑን ነው ያላመኑት። ቢቸግረኝ ለስጦታው ደወልኩለት። ላውድ ነው እንግዲህ፣ ሁሉም ይሰማል።

"ስጦታው፣ ሽማግሌዎች ፊት ነኝ። ማሳ ማለት ምን እንደሆነ ንገራቸው።"

ሽማግሌ ሲባል የሚካኤልን መብራት በመቁረጡ ሊከሰስ መስሎታል።

"እኔ የማንንም ማሳ አልቆረጥኩም" አለ። "ቁረጠው ያለኝ ቲቸር ነው። አማቴ አይሰሙም ብሎ ነው ያስቆረጠኝ። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ።" ስልኩም ተዘጋ።

አያ ፈንታ ሊስቁ ሲሉ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። የሻረግ አንገቷን ደፋች። እኔ ቃል የማውቀው ሰው ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ ቢታወሰኝም አልጽፈውም። ስለ ጣሊያን ሁሉ ሳልናገር አልቀረሁም።

ያዳኑኝ መሪጌታ ናቸው፤ ቢያንስ ከውሸታምነት አዳኑኝ። ሥዕሉን አዩ፣ የተቆረጠውን ሽቦ በጣታቸው ይዘው እስከ ባትሪው ተከተሉት፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ቅኔ ነው" አሉ። "ሰሙ ሽቦ፣ ወርቁ መሬት። አማችህ የተናገረ ሰሙን ነው፤ አንተ የሰማህ ወርቁን ነው። ዘለቀ፣ ልጁ አልዋሸህም።"

አማቴ ግን አልሳቁም። ሽቦውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ቀጥሎ ቁልቁል ወደ እርሻቸው አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

"እኔ ግን ማልሁ" አሉ በቀስታ።

እውነትም ምለዋል። እኛ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስንንገላታ እሳቸው እዚያ ወይራ ሥር ተነሥተው "ኸዛሬ ጀምሮ በዚያች ጫፍ እርፍ ብይዝ ሚካኤል አይለመነኝ" ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹም የድንበሩን ድንጋይ ፈንታ እንዳሉት ተክለውት መጥተዋል።

"ተሳስተው እኮ ነው" አልኩ። "የተሳሳተ ሰው መሐላ ምን መሐላ ነው?"

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መሐላ ሽቦ አይደለም ልጄ። ተቆርጦ አይቀጠልም።"

ሁላችንም ወደ አያ ፈንታ ዞርን። እሳቸው ቢተዉ ነገሩ ያልቃል፤ መሐላው ከመሬቱ የከለከለው የአማቴን እጅ እንጂ የልጃቸውን እጅ አልነበረም። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። "እኔ ማል አላልሁትም" አሉ። "ሰው በገዛ አፉ የለቀቀውን የምን ልመልስ? ይልቅ አማችህን አመስግን ዘለቀ። ለእኔ ኸኔ በላይ ተናገረልኝ።" እየተመረቁ እንደሚሄዱ ሰው ቀስ ብለው ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ ቀሪውን ፍርድ በእኔ ላይ ጨረሱት። መሬቱን አልቆረጥኩም፤ ይህን ተቀበሉኝ። ግን አማቴ የሰጡኝን መብራት ከጀርባቸው ማስቆረጤ፣ "አይሰሙም" ማለቴና በጉባኤ ፊት መሳቄ ጥፋት ሆኖ ቀረብኝ። መሪጌታ "የቆረጠ ይቀጥል" ብለው ፈረዱ። አማቴ ሥዕላቸውን ከመኪናዋ አውርደው በጋቢያቸው ታቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤታቸው መብራት የለውም። ሥዕሉ ያለ ባትሪ አይበራም። እንግዲህ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ፤ ባትሪዬ ከመኪናዬ ወርዶ አማቴ ቤት ገባ።

መኪና ያለ ባትሪ ወደ ንፋስ መውጫ ዳገት አይወጣም። በግፊ እንዳላስነሣት ስማዳ ውስጥ የሚገፋልኝ ሰው አልነበረም፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እስከ ዛሬ እዚያው አማቴ አጥር ውስጥ ቆማለች። ዶሮዎቹ የኋላ መቀመጫው ላይ ይጥላሉ። ወንድሜ ሲደውል "መኪናዬ ደኅና ናት?" ይለኛል። "ታቅፋለች" ብዬ ብመልስለት ቀልድ መስሎት ይስቃል።

ባትሪው በደከመ ቁጥር አማቴ ያስደውሉልኛል። በአውቶቡስ ወርጄ፣ ባትሪውን አህያ ላይ ጭኜ ወገዳ ቻርጅ አስደርጌ፣ መልሼ አመጣለሁ። የገበያው ሰው ሲያየኝ "መምህር፣ ዛሬም ለሚካኤል?" ይለኛል። አዎ፣ ዛሬም ለሚካኤል። ድሮ ባትሪዬን ሌሊት ሌሊት ነበር የሚበላው፤ አሁን በጠራራ ፀሐይ በገዛ እጄ አቀርብለታለሁ።

ባለፈው የወረድኩት ክረምቱ ሲወጣ ነው። በዚያች ጫፍ ላይ የአያ ፈንታ ባቄላ አብቦ ሽታው እስከ ደጅ ይመጣል። አማቴ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጠው ወደዚያው ያያሉ። ባትሪውን አወረድኩና ከሥዕሉ ሥር ተንበርክኬ ሽቦዎቹን ማሰር ጀመርኩ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ብዙ ተነጋግረን አናውቅም። ያን ቀን ግን ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

"ለማን እሟገት መሰለህ?" አሉ። "እኔ ኸእንግዲህ ስንት ክረምት አርሳለሁ? ለየሻረግ ነበር። ለእናንተ ብየ ነበር።"

ያን ሁሉ ጊዜ የአማቴ ማሳ ስል የኖርኩት ለካ የእኔው ማሳ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ብከፍት ቃሉ ሽቦ ሽቦ አለኝ።

አማቴ ከመደባቸው ተነሥተው መጡና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"ማሳው የትኛው ነው?"

ጥቁሩን ሽቦ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ በብርሃኑ በኩል ቀና አድርገው አዩት፣ እንደ እህል አሻሹት።

"ይችን ነው የቆረጥኸው?"

"አዎ አባቴ።"

"ስንት ጥማድ ትሆናለች?"

ሽቦዋን ከእጃቸው ተቀብዬ አሰርኳት፤ ሚካኤል በራ።